አላርሙ ሲጮኽ ማን ይመጣል?

ጥያቄ

«የካ አባዶ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ባለሁለት መኝታ ቤት ገዝተን ከገባን ሦስተኛ ወራችን ነው። ባለቤቴ መስክ ስለሚሠራ ከወሩ ግማሹን ያህል ቤት የምናድረው እኔ፣ ሁለቱ ልጆቼና ሠራተኛዬ ብቻ ነን። ባለፈው ወር አጠገባችን ባለው ብሎክ ቀን በቀን ቤት ተሰብሮ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንድ የካሜራ ነጋዴ አራት ካሜራና አላርም በአንድ ላይ እንድንገዛው ዋጋ አቅርቦልናል። ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ‹ከዚህ ጥሩ አላርም ልላክልሽ› ይለኛል። እናቴ በበኩሏ ‹ለዕቃ የምታወጡትን ለበሩ አውጡት› ትላለች። ማንን ልስማ?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፤ ጎረቤት ቤቱ በተሰበረበት ሰፈር፣ ባለቤትዎ መስክ በወጡ ቁጥር የሚመጣብዎትን የሌሊት ድንጋጤ እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ስለዚህ መልሱን ሳላቆይ ልስጥዎት። በመጀመሪያ እናትዎን ይስሙ፤ ወንድምዎን ጥቂት ጥያቄ ጠይቀው ይስሙ፤ ነጋዴውን ግን ለጊዜው ያቆዩት። ይህን የምለው ካሜራም ሆነ አላርም ስለምጠላ አይደለም፤ በእኔም ቤት ሁለቱም አሉ። ነገር ግን የየራሳቸው ተራ አላቸው፤ ተራው ሲዛባ ገንዘቡ ይወጣል፣ ሥጋቱ ግን ባለበት ይቀራል።

አላርም የሚያውቀው ነገር በጣም ጥቂት ነው። በር ሲከፈት ወይም ክፍል ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ያውቃል፣ ይጮኻል፣ በተመዘገቡለት ቁጥሮች ይደውላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሰው ነው። ወንድምዎ በሚኖሩበት አገር ይህ የሰው ሥራ ራሱ በወርኃዊ ክፍያ የሚገዛ አገልግሎት ነው፤ ምልክቱ ወደ አንድ የክትትል ማዕከል ይሄዳል፣ በማዕከሉ ያለው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ባለቤት ይደውላል፣ ምላሽ ካጣ ወይም ጉዳዩ እውነት መሆኑን ካረጋገጠ ለፖሊስ ያሳውቃል። በሜሪላንድ እንደ ሞንትጎመሪ ባሉ ካውንቲዎች አላርም ያለው ሰው እንዲያስመዘግበው ይጠበቅበታል፤ በከንቱ እየጮኸ ፖሊስ የሚያስጠራ አላርም ሲደጋገምም ባለቤቱን ያስቀጣል። እርስዎ ጋ ግን ይህን ሰንሰለት በአብዛኛው ከፍለው የሚገዙት ሳይሆን ራስዎ ከጎረቤት፣ ከብሎኩ ጥበቃና ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው የሚሠሩት ነው። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት «ይህ ነገር ሲጮኽ ከአልጋው የሚነሣው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ስም ሊኖርዎት ይገባል።

በሩን ያስቀደምኩትም ለዚሁ ነው። የብረት በርዎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚገነጠል ከሆነ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤትዎ ጩኸቱን ሰምቶ ጫማውን አጥልቆ ደረጃውን እስኪወርድ ሌባው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። በሩ አምስትና ስድስት ደቂቃ የሚያታግለው ከሆነ ግን ያው ጩኸት ትርጉም ያገኛል፤ በዚያ ላይ ብረት እየመታ አምስት ደቂቃ በጋራ መተላለፊያ ላይ መቆም የሚደፍር ሌባ ብዙ አይደለም።

አሁን በርዎን በቀን ብርሃን ይመርምሩት። ቤቱን ከሌላ ሰው ገዝታችሁ ከገባችሁና ቁልፉን ካልቀየራችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት። ያ ቁልፍ ከእናንተ በፊት በዕጣው ባለቤት፣ በተከራይ፣ በደላላ፣ ፊኒሺንግ በሠሩት ልጆችና በቀለም ቀቢው እጅ አልፏል፤ ከመካከላቸው ማንንም ሳንጠረጥር፣ ስንት ቅጂ እንደወጣለት የሚያውቅ ሰው የለም። ሙሉ ቁልፉን መቀየር ውድ ከመሰላችሁ ሲሊንደሩን፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበትን መሐለኛ ክፍል፣ ብቻ መቀየር ይቻላል። አዲሱ ሲሊንደር ሲገጠም ግን ከበሩ ሽፋን ውጪ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ ማለት የለበትም፤ ብቅ ያለ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ ለመሰበር ይመቻል። ቀጥሎ የበሩን መቃን በእጅዎ ገፋ ገፋ ያድርጉት። በጋራ ሕንፃዎቻችን ብዙውን ጊዜ መቃኑ የሚያርፈው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ በመሆኑ፣ በጥቂት ቁራጭ ብረት ብቻ ተይዞ ከቀረ ጥሩ ቁልፍ ያለው በር ከነመቃኑ ይነቀላል። የሚንቀሳቀስ ከሆነ በያጅና ግንበኛ በአንድ ቀን ጠርተው ተጨማሪ ማሰሪያ ብረት ያስበይዱ፤ በመቃኑና በብሎኬቱ መካከል ያለውን ክፍተትም በሲሚንቶ ያስሞሉ።

ከላሜራው በር ፊት ሁለተኛ የፍርግርግ በር ማስገጠም ብዙ ጎረቤቶችዎ ያደረጉት ነገር ይመስለኛል፤ መልካም ነው፣ ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠብቁ። የፍርግርግ በር ወደ ውጪ ስለሚከፈት ማጠፊያው ውጪ ይቀራል፤ የማጠፊያው ሚስማር ከሥር ተመትቶ እንዳይወጣ በያጁ ጫፉን በብየዳ እንዲነካው ይንገሩት። ሁለተኛው ደግሞ ጓጉንቸር ነው። ጓጉንቸር ከውጪ ተንጠልጥሎ ሲታይ «በቤቱ ውስጥ ማንም የለም» የሚል ማስታወቂያ ሆኖ ያገለግላል፤ በተለይ ቀን በቀን ለሚሰርቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም። ቤት ሲኖሩም ሳይኖሩም አንድ ዓይነት የሚመስል፣ በበሩ ውስጥ የተቀበረ ቁልፍ ያስገጥሙ። በተጨማሪም መተላለፊያው የጋራ ንብረት ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 የግልን ቤትና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ አስቀምጧል። ስለዚህ ፍርግርጉ ወደ መተላለፊያው የሚወጣ ከሆነ አስቀድመው ኮሚቴውን ያናግሩ። ኮሚቴው ኋላ ላይ ለሌላ ጉዳይም ያስፈልግዎታልና በበር ምክንያት ባትጣሉ ይሻላል።

ምድር ወለል ላይ ስለሆናችሁ መስኮቶቹ ፍርግርግ እንደሚያስፈልጋቸው የታወቀ ነው። ብረቱ በመስኮቱ ቀጭን መቃን ላይ ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ገብቶ የታሰረ፣ ከቱቦላሬም ይልቅ ድፍን ቢሆን እመርጣለሁ። እዚህ ላይ ግን ከብዙ በያጆችና ከብዙ ቤተሰቦች ጋር የማልስማማበት ነጥብ አለ። መስኮቶቻችሁ ሁሉ በማይከፈት ብረት ከታጠሩና በሩ አንድ ብቻ ከሆነ፣ በሩ አጠገብ ወይም ወጥ ቤት እሳት የተነሣ ዕለት ሌባን ያስቀረው ብረት ልጆችዎን ውስጥ ያስቀርብዎታል። ስለዚህ ቢያንስ የአንዱ መኝታ ቤት ፍርግርግ ከውስጥ በቁልፍ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ ከመስኮቱ በክንድ ርቀት ሳይሆን ከውጪ እጅ የማይደርስበት፣ ነገር ግን በጨለማ የሚገኝ ቦታ ላይ ይሰቀል፤ ሠራተኛዎና ትልቁ ልጅዎ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያገኙት ድረስ ይለማመዱት። በባትሪ የሚሠራ የጭስ ጠቋሚም መኝታ ቤቶቹ ፊት ለፊት ጣሪያው ላይ ይኑር፤ ዋጋው ከአንድ ካሜራ ያነሰ ነው፣ ለሕይወት ግን ከአራቱም ካሜራዎች ይበልጣል። የእሳት አደጋ ቁጥሩ 939 መሆኑንም ልጆቹ ይወቁት።

ወደ ወንድምዎ ስጦታ እንምጣ። ከአሜሪካ የሚላክ ዕቃ በሙሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ብቻ ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር እንዲያዩልዎት ይጠይቋቸው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው፦ የእነሱ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው፤ በመሙያው ጀርባ ላይ «100-240» የሚል ከተጻፈ ችግር የለም፣ 120 ብቻ ካለ ግን በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። ሁለተኛው ዕቃው በውስጡ የያዘው ሲም ነው፤ እዚያ የሚሸጡ ብዙ አላርሞች ከአሜሪካ የስልክ ድርጅቶች ጋር ተሳስረው የሚመጡ ስለሆኑ የእኛን ሲም አይቀበሉም። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ምን ምን እንደሚሠራ ነው፤ ያለ ክትትል ማዕከሉ አገልግሎት የሚጮኽ ሳጥን ብቻ ሆኖ የሚቀር አለ። ሦስቱንም ካለፈ ይላኩልዎት። ካላለፈ ግን ገንዘቡን ቢልኩልዎት ለበሩ ይጠቅማል፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ይኸኛው ስጦታ ይበልጣል።

እዚህ የሚገዙት አላርም ሲም የሚቀበልና ከዋይፋይ ውጪም የሚሠራ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋልና። ለሲሙ የሚደረገው ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሲሙን የሚስጥር ቁጥር መጠየቂያ ያጥፉት፣ ሒሳብ ይሙሉበት፣ ሒሳቡንም የእድር መዋጮ በሚከፍሉበት ቀን በየወሩ ያረጋግጡ፤ ሒሳብ የሌለው ሲም ያለው አላርም ቤት ውስጥ ይጮኻል እንጂ ለማንም አይደውልም። በሩ ላይ የሚለጠፈው ማግኔት ያለው ሴንሰር በላሜራ በር ላይ በትክክል ላይሠራ ይችላል፤ ብረቱ የማግኔቱን ኃይል ያዳክመዋል። ለብረት በር የተሠራውን ትልቁን ዓይነት ይጠይቁ፣ ወይም ከሥሩ ፕላስቲክ ተደርጎ ከብረቱ ከፍ ይበል፤ ከዚያ በሩን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍተው መጮኹን ባለሙያው ሳይሄድ ይፈትኑት። የሰው እንቅስቃሴ የሚያየው ሴንሰር ደግሞ የሚያየው የሰውነትን ሙቀት ነው። ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ጥግ ላይ ይሰቀል፤ የከሰዓት ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ምጣዱ አይመልከት። ወደ እሱ ቀጥታ ከሚመጣው ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ስለሚያይ፣ ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ከጎን በኩል ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ባትሪው የምለው ከራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴ ባስገጠምኩት አላርም ዋናው ሳጥን፣ ማለትም ሴንሰሮቹና ጯሂው የሚገናኙበት ክፍል፣ 12 ቮልት ባትሪ ነበረው፤ ውጪ የተሰቀለው ጯሂም የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው። ጯሂው ከሳጥኑ የሚመጣለት ኃይል ከተቋረጠበት «ሽቦዬን ቆረጡኝ» ብሎ እንዲጮኽ የተሠራ ነው። የሳጥኑ ባትሪ አርጅቶ ሞቷል፣ እኔ ግን አላየሁትም። በአንድ ሳምንት ውስጥ መብራት ሦስት ሌሊት ጠፋ፤ ሦስቱንም ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ በእኔ ቤት ጩኸት ነቃ። የገጠመው ባለሙያ ስልኩን አላነሣም። በአራተኛው ጊዜ ሲጮኽ ወጥቼ ዙሪያውን ባይ በአንድም ቤት መብራት አልበራም። ባትሪውን በማግስቱ ቀየርኩ፤ የጎረቤቶቼን ጆሮ ለመመለስ ግን ወራት ወስዶብኛል። እንዲህ ዓይነቱ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አዲስ ሆኖ መካከለኛ ሳጥንን ከአንድ ቀን በላይ ይይዛል፤ በየሦስትና አራት ዓመቱ መቀየር አለበት። በትንንሾቹ ገመድ አልባ ሳጥኖች ውስጥ ያለው ባትሪ ግን ጥቂት ሰዓት ብቻ ሊቆይ ይችላልና ሲገዙ ይጠይቁ፤ ቤትዎ ገብቶም መሙያውን ነቅለው ሰዓቱን ራስዎ ይቁጠሩ።

ካሜራን በሚመለከት አራት አያስፈልግዎትም። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ፣ ምናልባት በረንዳው በኩል ሌላ አንድ ይበቃል። ካሜራ የሆነውን ይነግርዎታል፤ ሲሆን ግን አያስቆምም፣ በተለይ ፊቱን ሸፍኖ ለመጣ ሰው። የነጋዴውን ዋጋ የሚያከብደው ከካሜራው ባሻገር መቅጃው ስለሆነ ሒሳቡን ይወቁት፦ አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ያህል ቢቀዳ በቀን ወደ 22 ጊጋባይት ይሞላል፤ አራቱ በ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ ከአሥራ ሁለት ቀን አያልፉም፣ ሁለቱ ግን ሦስት ሳምንት ይቆያሉ። መቅጃው ቴሌቪዥኑ ሥር ከተቀመጠ ሌባው ከቴሌቪዥኑ ጋር ይዞት ይሄዳልና ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ጣሪያ ጥግ ይሰወር። ፋብሪካው የሰጠውን የይለፍ ቃልም በዚያው ቀን ይቀይሩ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የተቆጣጠረው ባለቤቶቻቸው ያልቀየሩትን የፋብሪካ የይለፍ ቃል እየሞከረ ነበር። ካሜራው የሚያየውም የእርስዎን በር ይሁን። የጎረቤትዎን በር ወይም የሳሎን መስኮት የሚመለከት ካሜራ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀውን የግል ሕይወት የሚነካ ከመሆኑም በላይ፣ ሲጮኽ እንዲመጣልዎት የሚፈልጉትን ያንኑ ሰው ያስቀይማል።

ነጋዴው ተመልሶ ሲመጣ የሚጠይቁት ጥያቄ ስለ ካሜራው ጥራት አይሁን። ባትሪው ቢሞት፣ ሴንሰሩ በከንቱ ቢጮኽ በስንት ቀን ይመጣል? ዋስትናው በጽሑፍ ነው? የዋናው ሳጥን የሚስጥር ቁጥር ለእርስዎ ይሰጣል ወይስ እሱ ጋ ይቀራል? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቢያመነታ አይግዙት።

ሠራተኛዎን በተመለከተ አብራችሁ እንደምታድር ከመጥቀስ በቀር በደብዳቤዎ ውስጥ ምንም አልጻፉም፤ ሆኖም ሰው ሁሉ ቤት ሲሰረቅ አስቀድሞ የሚያየው ወደ እሷ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ሲቀጥሯት ዋስ መጠየቅዎና የመታወቂያዋን ቅጂ መያዝዎ ተገቢ ነው፤ ይህን ካደረጉ በኋላ ግን ቀን በቀን ቤቱ ውስጥ የምትገኘው እሷ ናትና ዋናዋ የጥበቃ ሰው አድርገው ይያዟት። የአላርሙን አሠራር ከእርስዎ እኩል ትወቅ፣ የራሷ የሚስጥር ቁጥር ይኑራት፣ ተጭና አላርሙን የምታስጮኽበት የአደጋ ጊዜ መጫኛ እጇ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ «ከመብራት ኃይል ነው»፣ «ዕቃ አምጥቼ ነው» ለሚል ለማታውቀው ሰው ፍርግርጉን ሳትከፍት በውስጥ ሆና እንድታናግርና ለእርስዎ እንድትደውል ይስማሙ። ብቻዋን እያለች በሩ ቢሰበር ዕቃ ለማዳን ከማንም ጋር እንዳትጋፈጥ አጥብቀው ይንገሯት።

ምናልባት አንድ ቀን ተመልሰው በሩን ተከፍቶ ቢያገኙት እርስዎም አይግቡ። ሰውየው ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ባይኖርም የነካውን ነገር እርስዎ መልሰው ይነኩታል። ከሕንፃው ወጥተው 991 ይደውሉ፣ ጎረቤት ይጥሩ። አሁኑኑ ደግሞ የቴሌቪዥኑን፣ የላፕቶፑንና የስልኮቹን መለያ ቁጥር በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለወንድምዎ ይላኩ፤ ዕቃው ተገኝቶ «የእኔ ነው» ሲሉ በፖሊስ ጣቢያ የሚያስረዳልዎት ያ ቁጥር ነው።

የቀረው አላርሙ የሚደውልላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ተራ የባሉን ቁጥር ያስገባል፤ ባለቤትዎ ግን ያን ጊዜ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ምናልባትም ኔትወርክ በሌለበት ይሆናሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ፊት ለፊትዎ ያለው ወይም ከላይዎ የሚኖረው ጎረቤት ይሁን፤ ሁለተኛው የብሎኩ ጥበቃ፣ ሦስተኛው የኮሚቴው ሰው፣ ከዚያ እርስዎ፣ በመጨረሻ ባለቤትዎ። ቁጥሮቹን ከማስገባትዎ በፊት ግን ሦስቱንም ቡና ላይ ይጥሯቸው፤ አላርሙን አንድ ጊዜ እፊታቸው ያስጩኹት፣ ድምፁን ይለዩት፣ በሩ ላይ ብቻቸውን እንዳይደርሱና ሁለት ሆነው እንዲመጡም ይስማሙ። የእነሱ ቤት ሲጮኽ እርስዎም እንደሚወጡ ያን ዕለት ይንገሯቸው።